ሣሩ ከታች፣ አማን ከላይ

ወረታ፣ ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እኅቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባንቺና ባረፍሽበት ቤት ላይ ይሁን። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ የደብረ ታቦርን ብርድ ለመደ ወይስ እንደ ፈራሁት ብሶበታል? ዓይንሽስ? ዙህራ የስፌት ሥራዋ ደንበኛ አገኘላት? እኔ ጤናዬን ምንም አልልም። ባለቤቴ ሀሚዳም ደህና ነች፤ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም። ውኃው ከሜዳው ከወረደ ቆየ። ሩዙ መታጨድ ጀምሯል፤ ከብቱም ወደ ጨፌው ተመልሷል። ቁሐር ሚካኤል ያለው ወጌሻ ቢሻው ዘንድ ለእርቢ የሰጠሻት ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋን በዓይኔ አይቻት መጥቻለሁ፣ ጠንካራ ነች።

ዙህራ፣ ልጄ፣ የምታነቢው አንቺ ስለሆንሽ እዚህ ላይ ትንሽ ቁሚ። ጎረቤት ተቀምጦ ከሆነ ደብዳቤውን እጠፊና ሲሄዱ ቀጥይ። እናትሽ በመካከል በቃኝ ብትልሽ እሺ አትበያት፤ እስከ መጨረሻው አንብቢላት። አጎትሽን የሚያሳፍር ቃል ሲያጋጥምሽ ለእኔ አዝነሽ አትዝለይው። የጻፍሁት እንዲነበብ ነው።

እኅቴ፣ ጥቅምት 3 ቀን በጭነት መኪናው ሹፌር የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። ልጅሽ አማን ከማሰልጠኛው የጻፈውን ሰምቻለሁ። ሐኪሞቹ እግሩን ለክተው ግራው ከቀኙ ማጠሩን አምነዋል። ነገር ግን ከቀበሌ በሄደው መዝገቡ ላይ «በጥር 1980 ፍጹም ጤነኛ ነበር» የሚል ቃልና ሲዘል የሚያሳይ ፎቶ ተያይዟል። ስለዚህ እግሩን ከዚያ በኋላ ራሱ ነው የሰበረው፣ ከግዳጅ ለመሸሽ ነው የሚል ክስ ሊቀርብበት ነው። ቀድሞ መሰበሩን ከአገሩ ሰው የሚያስረዳለት ካልተገኘ በታኅሣሥ መጨረሻ ይፈረድበታል። ራሱን አጎድሏል የተባለ ወታደር ምን እንደሚጠብቀው አንቺም ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ።

አንቺም ምክር ጠየቅሽኝ። «አንተ ያኔ ተሟግተህለት ነበር፤ አሁንስ ለማን እንጩህ?» ብለሽ ላክሽብኝ። እኔ አልተሟገትሁለትም። ይህን ነው ልነግርሽ የተቀመጥሁት። ከሥር ከመሠረቱ ካልነገርሁሽ ግን ነገሩ አይገባሽም።

ፎቶ የጀመርሁት ለመታወቂያ ነበር። ጨው፣ ጋዝና አቡጀዲ ለሚሸጥ ሰው ካሜራ አንድ ተጨማሪ መደርደሪያ ማለት ነው። ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ያበቃል። ይህን ሐሳቤን ያበላሹብኝ የኪነት ቡድኑ ልጆች ናቸው። በ1978 ጎንደር ለውድድር ሊሄዱ ሲሉ ቀበሌው አንሳቸው ብሎ አዘዘኝ። ዘጠኝ ጎረምሶች ነበሩ፣ አማን ከፊታቸው። መጀመሪያ ያነሳኋቸው ሁሉ ተበላሹ። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ፎቶ ላይ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሦስት ጥቅል ፊልም ካባከንሁ በኋላ ገባኝ። ሰው ሲዘል ከመሬት ሲለቅ አይያዝም፣ ሲወርድም አይያዝም። ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ሳይጀምር፣ ዓይን ከምትርገበገብበት ባነሰ ጊዜ አየር ላይ ይቆማል። የሚያዘው ያኔ ነው። ለሌሎቹ የእግራቸው ጣት መሬት ሲለቅ በልቤ አንድ ብዬ እጫን ነበር። ለአማን መቁጠር አላስፈለገኝም። እሱ ከላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል፤ ደረቱ ቀጥ ሲል እጫናለሁ።

በነሐሴ ሜዳው ባሕር ሲሆን ወደ ውኃው ዳር ወሰድኋቸው። ከወገብ በላይ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞት ጨፈሩ። ጀርባቸውን ቅቤ እንዲቀቡ አደረግሁ። በደመና ብርሃን ጥቁር ገላ ድፍን ይሆናል፤ ቅቤ ሲነካው ግን ጅማቱ አንድ በአንድ ይለያል። ያኔ ገና የቀበሌ ሊቀመንበር ያልሆነው ደሳለው ከዳር ቆሞ «ነጋዴው ጎረምሳ በቅቤ ሊጠብስ ነው» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ፎቶዎቹ ሲታጠቡ ግን አልሳቀም። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይሸጥ ነገር በእጄ ይዤ ደስ አለኝ።

መስከረም 2 ቀን 1979 በበዓሉ ላይ መድረኩ እንደ ተደረመሰ ታስታውሻለሽ። በበርሜል ላይ ሳንቃ ደርድረው ነበር፤ አማን ሲወርድ ሳንቃው ከዳው። ጤና ጣቢያ እንውሰደው ሲሉ እኔና አንቺ ነን እንቢ ያልነው። «ሐኪም ቤት እግር ይቆርጣሉ፣ ወጌሻ ይበልጣል» ብለን በቃሬዛ ቁሐር ሚካኤል ወሰድነው። ቢሻው አልሰነፈም፣ አጥንቱ ገጠመ። ግን አጥሮ ገጠመ። የሐኪም ወረቀትም ሳይኖረን ቀረ። ይህ የሁለታችን ስሕተት ነው፣ ለብቻሽ አትሸከሚው። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ ብቻ ነው።

ጥር 14 ቀን 1980 አማን ሱቄ መጣ። ምርኩዙን ከበሩ ውጭ አስደግፎ ነው የገባው። የድሮ ፎቶዎቹን ሲያገላብጥ ቆየና «አጎቴ፣ በእነዚህ ሁሉ ልጅ ነኝ። አድጌ ሲያምርብኝ የተነሳሁት የለም። አንድ ጊዜ እንደ ድሮው አድርገው ያንሱኝ» አለኝ። በምን እግርህ ትዘላለህ ልለው ብዬ ተውሁት። ሲያየኝ ያሰብሁት ገባው። «መዝለሉን እርስዎ ይዝለሉልኝ፣ እኔ መልኩን አመጣለሁ» ብሎ ሳቀ።

እኅቴ፣ እንዲህ አድርጌ ነው የሠራሁት። የጓሮውን ክፍል ጣሪያ አንዱን ቆርቆሮ አንስቼ ብርሃን አስገባሁ። ወለሉ ላይ ሦስት የሳሙና ሣጥን ደርድሬ ከጥቅሉ አዲስ አቡጀዲ ተርትሬ ሣጥኑንም ወለሉንም አለበስሁት። አማንን ሣጥኖቹ ላይ በጀርባው አስተኛሁት። ሣጥን ያደረግሁት ሰው ወለል ላይ ሲተኛ ጥላው ከሥሩ ተጣብቆ ስለሚያሳጣው ነው፤ ከፍ ሲል ግን ጥላው ይርቅና ይጠፋል። አጭሩን እግሩን ወደ ኋላ አጥፌ ጤነኛውን ዘረጋሁት። የኩታውን ጫፍ ነፋስ ያነሳው እንዲመስል በስፒል ያዝሁት። የቀረው ፊቱ ነበር። የተኛ ሰው ጉንጩ ወደ ጆሮው ይሸሻል፣ ዓይኑም ይሰክናል፤ ሌላውን ብታታልይ ፊቱን አታታልይም። ስለዚህ አንገቱን ቀና አድርጎ ቡድኑን ሲመራበት የነበረውን ዘፈን እንዲያወጣ አደረግሁ። ሲዘፍን ፊቱ ተመለሰ። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ከአግዳሚው ተጋድሜ ቁልቁል አነጣጠርሁ። መሰላሉን የያዘልኝ ልጄ ሙህዲን ነው። ከአማን ጋር ሦስት ወር እንደሚበላለጡ፣ ሀሚዳ በታመመች ጊዜ አንቺ ሁለቱንም ከአንድ ጡት እንዳጠባሽ ላስታውስሽ አያስፈልግም።

ልጫን ስል የሆነ ነገር ጎደለኝ። ወርጄ ሙህዲንን ከሜዳው አንድ እቅፍ ሣር አስመጣሁትና ከአማን እግር በታች ባለው የአቡጀዲው ጠርዝ ላይ ዘሩን ወደ ላይ አድርጌ ደረደርሁት። ሣሩ ከታች፣ አማን ከላይ ሆነ። ደረቱ ቀጥ ሲል ተጫንሁ።

ባሕር ዳር አሳጥቤ ሳመጣው ራሴም ሳላምን ቀረሁ። ዳር ዳሩን ቆርጬ ሣሩንና እሱን ብቻ አስቀረሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ የሚበር ሰው ነበር። ለአማን አንዱን ሰጠሁት፣ ትልቁን ግን መስኮቴ ላይ ሰቀልሁት። አንቺ መጥተሽ አውርደው አልሽኝ። ሥዕል የተሰቀለበት ቤት መላእክት አይገቡም አልሽኝ። እኔም ሱቅ ነው እንጂ ቤት አይደለም ብዬ ቀለድሁብሽ። እንዴት እንደ ተሠራ ጠየቅሽኝ፤ ጥበብ ነው ብዬ አለፍሁት። አማንም አልነገረሽም፤ እናቱ እንደ ድሮው ሆኖ እንድታየው ፈልጎ ነው። የገበያ ቀን የጣራ ገዳም ተማሪዎች ሳይቀሩ ቆመው ያዩት ነበር። ደንበኛ በዛልኝ።

ግንቦት 11 ቀን የዘመቻው ምልመላ ሲደረግ አንቺ በር ሥር ተቀምጠሽ ነበር፤ ሁሉን ሰምተሻል፣ የተረዳሽው ግን ልክ አልነበረም። በዚያ ወር ከወረታ እስከ ጣና ዳር የማያነክስ ጎረምሳ ጠፍቶ ነበር። ጆሮዬ አይሰማም ያለውን ልጅ ደሳለው በሹክሹክታ «ከኋላህ በሬ መጣ» ሲለው ልጁ ዘወር አለ፤ ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። አማን የገባው ከዚያ ልጅ ቀጥሎ ነው። ማንም ሊያምነው አልተዘጋጀም። ቢሻው በእጄ ያሰርሁት እግር ነው ብሎ መሰከረ፤ «አንተማ የእናቱን ላም ታረባለህ፣ ምን ትላለህ?» ብለው አስወጡት። ከዚያ ደሳለው የእኔን ፎቶ ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። ጠዋት ከመስኮቴ አስወርዶት ነበር። «እግዜር ያሳያችሁ፣ ሲጠሩት ያነክሳል፣ ካሜራ ሲያይ ይበራል» አለ።

አማን አልተቆጣም። «ተኝቼ ነው የተነሳሁት» አለ። «አጎቴ እዚያ ቆመዋል፣ ይጠየቁ።»

«ተኝቶ የሚዘል ከተገኘማ ለአየር ወለድ ነው የምንልከው» አለ ደሳለው። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ሰው፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የተመለመሉት ስም በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። አሥራ አራት ስም ከመስመር በላይ፣ ሦስት ስም ከመስመር በታች። ከላይ አንዱ በሕመም ከወጣ፣ ከታች የመጀመሪያው ይገባል። አማን ከላይ ነበር። አንቺ ማንበብ አትችይም፣ ዙህራም በዚያ ቀን አብራሽ አልነበረችም። እኔ ስገባ አንብቤዋለሁ።

«ፎቶው እንደምታዩት ነው፤ በጥር ወር ሱቄ ውስጥ ያነሳሁት ነው» አልሁ።

ቃሉን ልብ ብለሽ ስሚው። ውሸት የለበትም። እንደ ነጋዴ መዝኜ ነው የተናገርሁት፤ ቢጠየቅ የማያስከስስ፣ ቢደገም የማይፈርስ። ደሳለውም ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ «እንዲህ ያለ ሥራ ጎንደርም አላየሁ» አለኝ። የሚያሳፍረኝን ሁሉ ልንገርሽ ካልሁ ይህንንም ልንገርሽ፤ አማን እያየኝ ሳለ ምስጋናው ደስ አለኝ። ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ አንቺ ከበሩ ተነስተሽ ልጅሽን ተቆጣሽው። «አባትህ የማያውቀውን ውሸት ከየት ተማርኸው? የምትሄድ ከሆነ እንኳ በንጹሕ አፍህ ሂድ» አልሽው። አማን ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ አንቺን አየ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጨመረም። ዝም ያለው ጥፋቱን አምኖ መስሎሽ ነበር፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ ታስቢያለሽ። እኅቴ፣ ልጅሽ አልዋሸም። በዚያ ቤት ውስጥ እውነት የተናገሩት እሱና ቢሻው ብቻ ናቸው።

መኪናው ሲነሳ እንደ ወጉ ትከሻዬን ሊስም ጎንበስ አለና በጆሮዬ «አጎቴ፣ ሣሩን ባያደርጉት ኖሮ ያምኑኝ ነበር» አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር ያለው። አንቺ ምን አለህ ስትይኝ እናቴን አደራ አለኝ አልሁሽ። አደራ አላለኝም። ኮሚቴው ፊት መቆሜን ሙግት አድርገሽ ቆጥረሽ በማግሥቱ ስለ ልጄ ስለ ደከምህ ብለሽ አንድ ቅል እርጎ ላክሽልኝ። ሀሚዳ አቀረበችልኝ። ሙህዲን ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ «አባዬ፣ ለምን አልነገርሃቸውም?» አለኝ። ብላ አልሁት። እሱ ሳይበላ ተነሳ። እኔ ጠጣሁት።

አሁን ሥራ ወደሚሆነው ልመለስ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት ነገር አለ። አንደኛው ሳይቆረጥ የታተመው ሙሉው ፎቶ ነው። ሣጥኖቹ፣ የአቡጀዲው ጥቅል፣ የመሰላሉ እግር፣ ሁሉም ይታያል፤ ይህን ያየ ሰው ዘሏል ሊል አይችልም። ሁለተኛው ኔጋቲቩ ነው፤ ከእጅሽ አይውጣ፣ አሳይተሽ መልሰሽ ያዢው። ሦስተኛው ከቀን መዝገቤ የቀደድኋቸው ሁለት ገጾች ናቸው። አንዱ አማን የወደቀበትና ወደ ቢሻው የወሰድንበት ነው፤ ሁለተኛው ፎቶው እንዴት እንደ ተነሳ የጻፍሁበት ነው። ጽሑፉ በዚያኑ ቀን የተጻፈ ለመሆኑ ከፊትና ከኋላው ያለው የገበያ ወሬ ይመሰክራል፣ ደብተሩንም አምጣ ካሉኝ አመጣለሁ። አራተኛው የምስክርነት ቃሌ ነው፣ ፈርሜበታለሁ።

ዙህራ ይዛ ትሂድ። መጀመሪያ ደብረ ታቦር ለሚገኘው ለምልመላው መሥሪያ ቤት ግልባጩን ትስጥ፣ ደረሰኝ ትቀበል፤ ከዚያ ሳትቆይ ራሷ ወደ ማሰልጠኛው ትሂድና ዋናውን ለሐኪሞቹ በእጃቸው ታስረክብ። ሐኪሞቹ እግሩን ያመኑ ናቸው፣ ከእነሱ ትጀምር። ላሟን ሸጠሽ ለማንም እጅ መንሻ እንዳትሰጪ። ቀበሌው ለምን አሳሳትኸን ብሎ ቢጠራኝ እቀርባለሁ። ደሳለው ፊት ያልሁትንና ያላልሁትን እናገራለሁ። ካሜራውን ቢወስዱ ይውሰዱት፤ ከግንቦት ወዲህ ከመታወቂያ በቀር አላነሳሁበትም። የቡድኑ ልጆች ሁለቴ መጥተው ነበር፣ ፊልም የለም ብዬ መለስኋቸው። ፊልም ነበረኝ።

አማን በሰላም ከገባ አጎቱ ቤት እንዲመጣ አታስገድጂው። አንቺ ግን ሲመጣ ከሁሉ በፊት እንደማትዋሽ አውቄአለሁ በዪው። ይህ ከእኔ ይቅርታ ይበልጥበታል።

ጥቅምት 3 ሰምተህ እስከ ኅዳር 9 ምን ስትጠብቅ ነበር ትይኛለሽ። ብትጠይቂ ይገባሻል። ሠላሳ ስድስት ቀን ነው። ፎቶው የታተመው ጥቅምት 5 ነው፤ ቃሌንም የጻፍሁት በዚያው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በመሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ከምጽፍልሽ የትናንቱን የመዝገቤን ገጽ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ።

«ኅዳር 8። ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሩዝ ገበያ ገና አልወጣም። ከሰዓት በኋላ የሰሊጥ ነጋዴዎቹ ከመተማ ተመለሱ። ሙህዲን በደህና ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ መድረሱን ነገሩኝ። ነገ ለእኅቴ እጽፋለሁ።» በሩ ላይ ከመስመሩ በታች የመጀመሪያው ስም የሙህዲን ነበር።

አላህ ጉልበትሽን ያጽና፣ ዓይንሽን ለልጅሽ ያቆይልሽ። አማንን በሁለት እግሩ፣ አጥሮም ቢሆን በሁለቱም፣ ወደ ደጃፍሽ ይመልስልሽ። ዙህራ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለእኔ ምንም አልለምንም፤ ዱዓ ስታደርጊ ስሜን ብትዘይው አልቀየምሽም።

ታናሽ ወንድምሽ